ሁለት ድስት፣ አንድ ቄጤማ

በ1991 ዓ.ም. የገና ዕለት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ አቀስታ ውስጥ በተከራየናት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ለስምንት ሰው የተሰናዳ ጠረጴዛ ነበር። የተቀመጥንበት ግን ባለቤቴና እኔ ብቻ ነበርን። ወጡ ሁለት ጊዜ ሞቆ ሁለት ጊዜ ቀዝቅዟል። ሻማዎቹ እስከ ወገባቸው ነደዋል። ከተጋባን የመጀመሪያ ገናችን ነበር፤ እኔ እያለቀስኩ፣ ባለቤቴም ዝም ብሎ እንጀራውን እየቆረሰ በላን።

እውነቱን ለመናገር ጠረጴዛው ያምር ነበር። እናቴ ለሠርጌ ጠልፋ የሰጠችኝ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ ከአዲስ አበባ በካርቶን ተጠቅልለው የመጡ ብርጭቆዎች፣ እንደ ማራገቢያ የታጠፈ ሶፍት፣ ሁለት ቀይ ሻማዎች፣ በቀይ ሪባን የታሰሩ የፕላስቲክ አበቦች ነበሩበት። ወንበሮቹን ባለቤቴ ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ተውሶ በጋሪ አመጣቸው። ጥግ ላይ የጥድ ቅርንጫፍ በቆርቆሮ ባልዲ አቁሜ ጥጥ በትኜበታለሁ፤ በረዶ መሆኑ ነው። አቀስታን የምታውቁ ትስቃላችሁ። ከደሴ ወደ መካነ ሰላም በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ የለጋምቦ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የገብስና የበግ አገር ነው፤ ሰው ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ለብሶ የሚያድርበት ደጋ። በታኅሣሥ ጠዋት በር ስትከፍቱ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እኔ ደጄ ላይ ያንን ትቼ ቤቴ ውስጥ በጥጥ በረዶ እሠራ ነበር።

የጠራናቸው ስድስት ሰዎች ነበሩ። ባለቤቴ የአቀስታ ልጅ ነው፤ ስለዚህ ከሁሉ በፊት እናቱን፣ ቀጥሎ የእናቱን ታናሽ እህት ከነባለቤታቸው፣ ከዚያ ሦስት ጎረቤቶች ጠራን። አማቴ ኦርቶዶክስ ናቸው። እህታቸው ገና በልጅነታቸው ሙስሊም አግብተው የሰለሙ ናቸው። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ብርቅ አይደለም። ባለቤቴ ደግሞ ደሴ ሲማር ጌታን አግኝቶ ነው የተመለሰው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቱ በልጃቸው እጅ የተዘጋጀ ነገር ቀምሰው አያውቁም፤ ያኔ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር።

ያን ዕለት አማቴ መጥተው ነበር። ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ ሌሊቱን በቅዳሴ ያደረ ፊታቸው ገርጥቶ፣ በሩ ላይ ቆመው «እንኳን አደረሳችሁ» አሉ። ባለቤቴ በደስታ ብድግ ብሎ ማዕዱን ለመባረክ ጸለየ። ጸሎቱ ረዘመ። ውስጡ ስብከትም ነበረበት፤ ስለ ጾምና ስለ ሥራ፣ በጸጋ ስለ መዳን። «አሜን» ስንል አማቴ «ጠግቤያለሁ ልጆቼ፣ ዕድሜ ይስጣችሁ» ብለው ሄዱ። ከአክስቱ ቤት አንድ ሕፃን ተልኮ «ጾም ላይ ነን፣ ይባርክላችሁ ብላለች» አለን። ሌሎቹ ጎረቤቶችም አልመጡም፤ ሁለቱ ሙስሊሞች ነበሩ።

ረመዳን ከገባ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዞ ነበር። የመስጊዱን አዛን በየምሽቱ እሰማለሁ። ጎረቤቶቼ ቀን ቀን እሳት እንደማያነዱ አያለሁ። ይህን ሁሉ እያየሁ ነው የጾሙ ሰዎችን ለምሳ የጠራሁት። ይባስ ብሎ ያን ሌሊት ተንበርክኬ የጸለይኩት ጸሎት የስደት ጸሎት ነበር። «ጌታ ሆይ፣ ስለ ስምህ ተናቅን» አልኩ። ባለቤቴም «አሜን» አለ። ለብዙ ሳምንታት ያንን ገና ስለ ወንጌል የከፈልነው ዋጋ አድርገን ለምናውቃቸው ቅዱሳን እንናገር ነበር። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። ስለ ስሙ የተገፉ ወገኖች በእውነት አሉ፤ የእኔ ግን የሰዓት ስሕተት ነበር።

ይህን የነገሩኝ አክስታችን ናቸው። ከወር በኋላ ይመስለኛል፣ ቡና ጠርተውኝ ከቤታቸው ሄድኩ። ቡናቸውን እየቆሉ ድንገት፣

«ልጄ፣ ገና ዕለት አልቅሰሻል አሉ» አሉኝ።

ማን እንደነገራቸው አላውቅም። አቀስታ ትንሽ ከተማ ናት። ዝም አልኩ።

«አብሽሪ፤ እኔም በሙሽርነቴ አልቅሻለሁ። ለአረፋ ብዬ እታለምን ጠራኋት፣ አልበላ አለችኝ። ሙት ይመስል ጠረጴዛሽ ላይ ሻማ አብርተሽ ብታይ ደግሞ…» ብለው ሳቁ። ከዚያ ነገሩን አስረዱኝ። እርሳቸውና እህታቸው ከሠላሳ ዓመት በላይ በአንድ ቤት ጣሪያ ሥር ሲበሉ ኖረዋል፤ ከአንድ ድስት ግን በልተው አያውቁም። በሠርግም በለቅሶም ይኸው ነው። ክርስቲያኑ ሲደግስ ለሙስሊም ወገኖቹ ከብቱን ለይቶ ይሰጣል፤ ሙስሊም ባርኮ ያርደዋል፤ ሙስሊም ሴቶች በራሳቸው ድስት ይሠሩታል። ሙስሊሙም ሲደግስ ለክርስቲያኑ እንዲሁ ያደርጋል። ዳሱ አንድ ነው፤ ቄጤማው አንድ ነው፤ ድስቱ ግን ሁለት ነው። ማንም በዚህ አይከፋም። የሚከፋው የተረሳ ሰው ነው።

«እታለም ልጇን ጠልታ አይደለም» አሉኝ። «እኔ እስላም ነኝ፣ ድስቴ ይታወቃል። እርሷ ክርስቲያን ናት፣ ድስቷ ይታወቃል። የእናንተ ድስት የትኛው ነው? ማን ባረከው ብላ ትጠይቅ? ከእኔ ጋር መብላትን ከናቷ ተምራዋለች፤ ከናንተ ጋር እንዴት እንደሚበላ ማን አስተማራት?»

አቦሉን ጠጥቼ ቶናው እስኪደርስ ድረስ መልስ አላገኘሁም። እስከዚያ ቀን የማውቀው አማቴ በእምነታችን ምክንያት እንደሸሹን ነበር። አንድ ሰው ወግ በሌለው ማዕድ ላይ መቀመጥ ሊፈራ እንደሚችል አስቤ አላውቅም።

ቤቴ ገብቼ መጽሐፍ ቅዱሴን ከፈትኩ። ሮሜ 14ን እና 1ኛ ቆሮንቶስ 8ን በደንብ አውቃቸዋለሁ፤ በወጣቶች ኅብረት ውስጥ «ለእኛ ሁሉ ንጹሕ ነው» ለማለት ስንጠቅሳቸው ነው ያደግነው። ያን ምሽት ግን ሌላ ነገር አየሁ። ጳውሎስ የጻፈው ነጻነት ለሚሰማው ለበላተኛው ነው፤ የሚያስበው ግን ከፊቱ ስለተቀመጠው ስለ ሌላው ሰው ነው። እኔ ነጻነቴን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ እንግዶቼ እንዲያደንቁልኝ እየጠበቅሁ ነበር። ዘፍጥረት 18ንም አነበብኩ። አብርሃም እንግዶቹን ያስቀመጣቸው ቀኑ ሲሞቅ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ነው፤ ከምግቡ በፊት ያቀረበላቸውም የእግር ውኃ ነው። ከመንገድ ለመጣ ሰው በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገው ያ ነበር።

የ1992 ገና ሲቃረብ መጀመሪያ ያወጣሁት ካላንደር ነበር። በዚያ ዓመት ገና የዋለው በ28 ነው፤ ያለፈው ዓመት ጳጉሜን 6 ስለነበረች። ቀኑ ዓርብ ነበር። ዓርብ ቢሆንም ገና ስለሆነ ለኦርቶዶክሳውያን ይፈሰካል። ለሙስሊሞቹ ግን ረመዳን ሊያልቅ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ከ1990 እስከ 1992 ድረስ ገናና ረመዳን ሦስት ዓመት ተከታትለው ተገናኝተዋል። እንግዲህ ምሳ የሚባል ነገር አይኖርም። በታኅሣሥ መጨረሻ አቀስታ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት አለፍ ብሎ ነው። «እራት ነው» አልኩት ባለቤቴን፤ «ለአንድ ሰዓት።»

በቤታችን ከሚሰበሰቡት ጥቂት አማኞች መካከል ይህ ያልጣማቸው ነበሩ። አንድ ወንድም «የጌታን ልደት በእነርሱ ጾም ሰዓት ልናስተካክል ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ከቅናት የመጣ ስለሆነ አልተቀየምኩትም። ባለቤቴ የመለሰለት «የምናስተካክለው ልደቱን አይደለም፣ ወጡን ነው» ብሎ ነው። ወንድማችን ያኔ ባይስማማም ሲነሣ ሳቀ።

ቀጥሎ የድስቱ ነገር መጣ። በመምህር ደመወዝ ሁለት በግ አይታሰብም። አንድ በግና ሁለት ዶሮ ገዛን። በጉን የአማቴ ደጃፍ ጎረቤት የሆኑ አንድ ኦርቶዶክስ ሽማግሌ ባርከው እንዲያርዱት ለመንን። ዶሮዎቹን ከነሕይወታቸው ለአክስታችን ወሰድኩ፤ ባለቤታቸው አረዷቸው፣ እርሳቸውም በራሳቸው ድስት ሠሯቸው። ልብ በሉ፣ እርሳቸው ጾመኛ ናቸው። ሳይቀምሱ፣ ጨዉን በሽታው ብቻ ለክተው የእኔን የገና ዶሮ ወጥ ሠሩልኝ። እኛስ ከየትኛው እንበላለን? ከሁለቱም! ያኔ ነው የገባኝ፤ የእኛ ድስት የትኛው ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ «የሁለቱም ድስት ቤተኞች ነን» የሚል ኖሯል።

አክስታችን አንድ ነገር ደግሞ መከሩኝ። «በርበሬውን ከእታለም ለምኚ» አሉኝ። በርበሬ ነበረኝ፤ እናቴ ከአዲስ አበባ ልካልኝ ነበር። ሆኖም ሄድኩ። «እማማ፣ ለገናው ወጥ በርበሬዎን ይሰጡኛል?» አልኳቸው። አማቴ ለጥቂት ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ጓዳ ገብተው በቅል ሙሉ ይዘውልኝ ወጡ፤ «ሽንኩርቱን አታጣድፊው» አሉኝ። ከተጋባን ጀምሮ ስለ ወጥ የነገሩኝ የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር።

አሁን ስለ ቤቱ ማሳመር ልንገራችሁ፤ የመጽሔቱ እህቶች የሚጠይቁኝ ይህንን ነውና። የጥጡን በረዶ ተውኩት። የትምህርት ቤቱን ወንበሮችም አልተዋስኩም። የእኛ አገር ትልልቅ ሰዎች ረጅም ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ እንግዳ ይሆናሉ፤ እጃቸውን የት እንደሚያኖሩት ይጠፋቸዋል። በግድግዳው ዙሪያ ባለው መደብ ላይ ባና አነጠፍኩ፤ ጥቁሩንና ነጩን ጎን ለጎን አድርጌ። መሬቱን በቄጤማ ጎዘጎዝኩት። በውርጭ ምክንያት ጫፉ የገረጣ ስለነበር አንድ በአንድ ለቀምኩት፤ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። መሐል ላይ ሁለት መሶብ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። በመካከላቸው ሰው የሚያልፍበት ክፍተት አልተውኩም፤ ሁለቱን ማዕዶች የከበበው አንድ ክብ እንዲሆን ፈልጌ ነው። የአክስታችን ድስት ከእኔው ጋር እንዳይምታታ ከአምናዎቹ የፕላስቲክ አበቦች ላይ ቀዩን ሪባን ፈትቼ ጆሮው ላይ አሰርኩት። ያ ሪባን በሕይወቱ ሥራ ያገኘው ያን ቀን ነው።

እጣን አላጨስኩም። በአካባቢው እጣንና ቡና ከሌላ ልማድ ጋር ስለሚያያዙ፣ በዚያ ዘመን እኛ አማኞች በጣም እንጠነቀቅ ነበር። ዛሬ ቢሆን ሌላ አስተያየት ይኖረኝ ይሆናል። በምትኩ ቄጤማው ውስጥ አሪቲና ጠጅ ሣር ቀላቀልኩ፤ ሲረገጥ ቤቱን በሽታ ሞላው።

መጠጡ ቀሪቦ ነበር። ጠላና ጠጅ የማንጠጣ ቤቶች ለእንግዳ ለስላሳ ብቻ መግዛት ያለብን ይመስለናል። ደጋ አገር ውስጥ ገብስ ሞልቶ ለምን? የተፈተገ ገብስ አንድ ኪሎ ያህል ወስዳችሁ ጥቁር ቡናማ እስኪሆን ትቆሉታላችሁ፤ እንዳያርባችሁ እንጂ ደፋር ሁኑ፣ መልኩም ጣዕሙም ያለው እዚያ ነው። በስምንት ሊትር ገደማ ውኃ ጥሩ አድርጎ ይፈላና ይጠለላል። ለብ ሲል ስኳርና አንድ የሻይ ማንኪያ የዳቦ እርሾ ጨምራችሁ ከድናችሁ ታሳድሩታላችሁ። ጠዋት ቀምሳችሁ ስኳሩን ታስተካክላላችሁ። ከአንድ ሌሊት በላይ አታቆዩት፤ ጠባዩን ይለውጣል። ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ እኛም ሳንሳቀቅ የምንጠጣው፣ ከአንድ ማሰሮ የተቀዳው ብቸኛው ነገር እርሱ ነበር።

ዓርብ ከምሽቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ አማቴ መጡ። እንደ አምናው እንኳን አደረሳችሁ ብለው ሊመለሱ እንደነበር ከአቋማቸው ያስታውቃል። ባለቤቴ «አክስቴ አፍጥራ እስክትመጣ ነው የምንጠብቀው» አላቸው። አማቴ አመነቱ። ታናሽ እህት ቀኑን ሙሉ ጾማ ልትመጣ ታላቋ ጥላት ብትሄድ ነውር ነው። ተቀመጡ። እኔ ያሰብኩት ሙስሊሞቹ እንዲበሉ ብዬ ብቻ ነበር ሰዓቱን ያዘገየሁት፤ አማቴን ከቤቴ ያስቀመጠልኝ ግን ያ የመጠበቂያ ሰዓት ሆነ።

መጀመሪያ ዝም ብለው ቤቱን ቃኙ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከእግራቸው ሥር ያለውን ቄጤማ ያስተካክሉ ጀመር። «ሥሩን ወደ ግድግዳ፣ ጫፉን ወደ ሰው ነው» አሉኝ፤ «እንግዳ ጉቶ አይረግጥም።» ለግማሽ ቀን የለቀምኩትን ቄጤማ ከበሩ ጀምረው እንደገና ጎዘጎዙት። ከዚያ ሻማዎቹን አይተው «እነዚህ ለምንድን ናቸው?» አሉና አንሥተው መስኮቱ ላይ አኖሯቸው፤ እውነትም ከዚያ ሆነው ለሚመጣ ሰው መንገድ ያሳዩ ነበር። መሶቡ ሥር ያነጠፍኩትን የእናቴን ጥልፍ ደግሞ ሳብ አድርገው አወጡት። «ይህን ወጥ ይንካው ብላ ነው የደከመች?» ብለው በሁለት አጥፈው የእንጀራውን መሶብ አለበሱት። በልቤ ትንሽ ተናድጄ ነበር፤ አልዋሽም። ባለቤቴ ግን ከጓዳው በር ቆሞ በዓይኑ «ተያቸው» አለኝ። እናቱ በቤታችን ውስጥ ዕቃ ሲያነሡና ሲያስቀምጡ አይቶ አያውቅም ነበር።

አክስታችንና ባለቤታቸው በቤታቸው አፍጥረው ሰግደው ሲመጡ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ቴምር በወረቀት ጠቅልለው ይዘዋል። ሁለቱም ጎረቤቶቻችን ተከትለዋቸው ገቡ። ባለቤቴ ቆሞ ጸለየ፤ ስለ ልደቱ አመሰገነ፣ የተሰበሰቡትን ባረከና «አሜን» አለ። ምናልባት አስር ቃል ይሆናል። አማቴ አማተቡ። አክስታችን በአፋቸው ውስጥ ቢስሚላህ አሉ። ወጥ ለማውጣት ጎንበስ አልኩ።

እዚህ ላይ ሁሉንም ላበላሸው ነበር። የበጉን ወጥ በአንደኛው መሶብ አውጥቼ ስጨርስ፣ ያንኑ ጭልፋ እንደያዝኩ ሪባን ወደታሰረበት ድስት ዞርኩ። ክዳኑን ከፍቻለሁ። እጄ ሊገባ አንድ ስንዝር ሲቀረው አማቴ ክንዴን ያዙኝ።

«ተይ! ጭልፋው!»

ድምፃቸው ያስደነግጥ ነበር። ጭልፋውን ከእጄ ተቀብለው አስቀመጡት፣ የእህታቸውን ጭልፋ ፈልገው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ሰጡኝ። አክስታችን ሳቅ አሉ። «አየሽ፣ ከኔ በላይ የምትጠብቅልኝ እርሷ ናት» አሉኝ። ማንም አልተቀየመም። እኔ ግን እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ኦርቶዶክሷ እናት የሙስሊም እህታቸውን ድስት ከጴንጤዋ ምራታቸው እጅ አዳኑት፤ ያውም በጌታ ልደት ቀን።

ከዚያ በላን። አማቴ ከበጉ ወጥ ቀመሱ፤ «በርበሬዬ ነው» ብለው ለእህታቸው ነገሯቸው፣ በኩራት። ትንሽ ቆይተው አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉና እጃቸውን ወደ ልጃቸው ዘረጉ። ሰባት ዓመት መሆኑ ነው። ባለቤቴ ጎረሰና ብዙ አላመጠ። ቀና ብሎ አላየም። «አንድ ያጣላል» ብለው ሁለተኛውን ጠቀለሉለት። ሦስተኛውን ለእኔ።

ይህን የምጽፈው አማቴ በመጨረሻ ወደ ጌታ መጡ ብዬ ለመመስከር አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ሲያርፉ በጥንት እምነታቸው፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ቅጥር ተቀበሩ። ባለቤቴ ቃሬዛውን ተሸክሟል። ስለ ነፍሳቸው ብዙ ጸልያለሁ፤ የቀረው የእግዚአብሔር ነው። ከዚያ ገና በኋላ ግን በየዓመቱ ይመጡ ነበር፤ አንድም ዓመት ሳይጎድሉ፣ ቄጤማውንም ሳያርሙልኝ አልቀሩም። ስለ ጌታ የጠየቁኝ ጥያቄ ካለ የጠየቁኝ በዚያ መደብ ላይ ተቀምጠው ነው፤ በጸሎታችን መሐል አይደለም።

አሁን የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ደረጃችን ላይ ሦስቱም ዓይነት ጎረቤት አለን። በበዓል ሰሞን ከአበባና ከሻማ በፊት የማደርገው ስልክ መደወል ነው። እንግዳ የምትጠሩ እህቶች ካላንደሩን በደንብ እዩት። ገናና ጥምቀት ረቡዕም ዓርብም ቢውሉ ለኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችሁ ይፈሰካሉ፤ እንቁጣጣሽና መስቀል ግን እንደዚያ አይደሉም። ለምሳሌ የ2019 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ የሚውለው ዓርብ ስለሆነ የጾም ወጥ የሌለበት ማዕድ ለእነርሱ ባዶ ማዕድ ነው። ፋሲካ ላይ ደግሞ ሌሊት ፈስከው ስላደሩ ለምሳ ሲመጡ ጠግበዋል፤ እኛ ከአምልኮ በረሃብ ስንመለስ እነርሱ እንቅልፍ ላይ ናቸው። ፍሬና ቡና አቅርቡላቸው፣ «አልበሉልኝም» ብላችሁ አትዘኑ። ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ የማይጾምባቸው ስለሆኑ እንግዳ ለመጥራት ከሁሉ የሚቀሉ ናቸው። ለሙስሊም ጎረቤት ሥጋ ካሰባችሁ፣ ማን እንደሚያርድ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። አለዚያ ሽሮና ዓሣ ማንንም አያሳፍሩም። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ አበባው ይምጣ፤ አበባ እኔም እወዳለሁ።

ባለፉት ዓመታት በተፈጠረው የጸጥታ ችግር ወደ አቀስታ እንደ ልብ መሄድ አልቻልንም። አክስታችንን በስልክ ነው የምናገኛቸው። ባለፈው ሰሞን ስንጨዋወት፣ ገናና ረመዳን እንደገና የሚገናኙት መቼ እንደሆነ አስልቼ ነገርኳቸው፤ በ2022 ዓ.ም. ነው፣ ረመዳን ገና ሲገባ። መንገዱ ሰላም ከሆነ እዚያው መጥተን እንደምናከብር፣ እራት እንደሚሆንና ከአንድ ሰዓት እንደማያልፍ ቃል ገባሁላቸው።

«ኢንሻአላህ፣ ዕድሜ ከሰጠኝ ድስቴን ይዤ እመጣለሁ» አሉኝ። «እታለም የለችምና አንቺ ራስሽ ጭልፋውን ጠብቂ።»